መቀሱን ብንቀማውስ?

ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚገድለው በበቀለበት ሳይሆን በሄደበት ነው። ጡት ላይ ይጀምርና ሳንባ ወይም አጥንት ውስጥ ይገኛል። እስቲ የአሥራ አንድ ሰዓት ተኩሉን የታክሲ ግፊያ አስቡት፤ ሴልም እንደዚያ በተጣበበ ሥጋ መሀል ነው የሚያልፈው። በምን ጉልበት?

ጥያቄው የቆየ ነው። ሩሲያዊው ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሲሊ ውስጥ፣ መሲና ከተማ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። (ሐሳቡ የመጣለት ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ በሄደበት ሰዓት እንደሆነ ራሱ ጽፏል።) በማግስቱ ሴሎች ተጉዘው እሾሁን ከበውታል። ከዚያ በተነሳው ምርምሩ በ1908 ኖቤል ተሸለመ፤ ሴሎቹ የሚጓዙበት ነዳጅ ግን ገና አልታወቀም።

ነዳጁን፣ ኤቲፒን፣ በ1929 ጀርመናዊው ካርል ሎማን ከጡንቻ አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ደግሞ በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ አልበርት ሴንት-ጆርጂ ከጡንቻ ፕሮቲን በተሠራ ክር ላይ ኤቲፒ ጨመረበት። ክሩ ተኮማተረ። ሕይወት የሌለው ክር! ባልደረባው ብሩኖ ስትራውብ ከክሩ ፕሮቲኖች አንዱን፣ አክቲንን፣ ለየ። አክቲን ጡንቻ በሌላቸው ሴሎች ውስጥም እንዳለ፣ የሴሉን ፊት ወደፊት የሚገፋውም እሱ እንደሆነ የታወቀው ቆይቶ ነው።

እኛን የሚገርመን የ1990ዎቹ ታሪክ ነው። መድኃኒት ሠሪዎች ያተኮሩት ሴሉ በቲሹዎች መሀል ያለውን ስስ ግድግዳ በሚቆርጥባቸው ኢንዛይሞች፣ በመቀሱ እንበል፣ ላይ ነበር። መቀሱን ከቀማነው ይቆማል ተባለ። ሕመምተኞች ተሞከረባቸው፤ መገጣጠሚያቸውን አመማቸው፣ ካንሰሩ ግን አልቆመም። በርግጥ መድኃኒቶቹ በአመዛኙ የተሞከሩት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የሐሳቡ አይደለም።

በ2019 አሜሪካ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ የዴቪድ ሸርዉድ ቡድን አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ እነዚያኑ ኢንዛይሞች አጠፋ። በእድገቷ ወቅት ግድግዳ ጥሶ የሚያልፈው ሴል ዘገየ እንጂ አልቀረም። አክቲኑን አበዛ፣ ኤቲፒ የሚያመርቱትን ማይቶኮንድሪያ ወደ ግንባሩ ሰበሰበ፣ ግድግዳውን በግፊት በሳው። የኃይል አቅርቦቱንም ሲያዳክሙበት ግን መጣሱ በእጅጉ አቃተው።

ታዲያ ነዳጁን ዘግቶ ካንሰሩን ማስቆም ነዋ! እንዳንል፣ እሾህ ሲወጋን የሚደርሱልን ነጭ የደም ሴሎችም የሚንቀሳቀሱት በዚያው ኤቲፒ ነው።