እንሰት በለንደን፦ የአንድ የጓሮ ተክል ሁለት ታሪኮች



 የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

በ1864 ዓ.ም. ጆን ጊብሰን የተባለው የባተርሲ ፓርክ ኃላፊ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ የሞቃት አገር መልክ የተላበሰ የአትክልት ስፍራ ለለንደን ሕዝብ አሳየ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእንግሊዝ የበጋ መደብ በትናንሽ ባለቀለም አበቦች የሚሸፈን ነበር። ጊብሰን ግን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች መረጠ። ፓሪስም በባሪዬ ዴሻን መሪነት በዚሁ መንገድ ላይ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ይህ አተካከል ከሕዝብ መናፈሻ ወደ ግለሰቦች ግቢ ተሻገረ። ዊልያም ሮቢንሰን በ1871 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኙት ተክሎች አንዱ ሙሳ ኤንሴቴ ይባላል። ይህም የእኛው እንሰት ነው።

ለመሆኑ እንሰት እዚያ እንዴት ደረሰ? ስለ ተክሉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ቀደም ብለው ጽፈው ነበር። በአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ያስተዋወቀው ግን ጄምስ ብሩስ በ1790 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ነው። ብሩስ ተክሉ የሙዝ ዓይነት አለመሆኑን ተከራክሯል፤ ለምግብነት መዋሉንም መስክሯል። የዕፅዋቱን ሥዕሎች የሣለው አብሮት የተጓዘውና ጎንደር ላይ የሞተው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ሲሆን፣ ብሩስ ግን ሥራውን የራሱ አስመስሎ አቀረበው። በ1791 ግሜሊን በብሩስ ገለጻ ላይ ተመሥርቶ ተክሉን ሙሳ ኤንሴቴ ሲል ሰየመው፤ የብሩስን ክርክር ወደ ጎን ትቶ ከሙዝ ወገን መደበው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ዕውቀት ነበር። ሕይወት ያለው ዘር በ1853 ከምፅዋ ተላከ፤ ላኪውም በዚያ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። ዘሩ የአገሩን ስም ይዞ ኪው ወደሚገኘው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ቢደርስም፣ የማዕከሉ ባለሙያዎች ስሙን ከብሩስ ተክል ጋር ወዲያው አላገናኙትም። የሙዝ ዘመድ መሆኑን ያወቁት በቅሎ ከፍ ካለ በኋላ ነው።

ጊዜው ለእንዲህ ያለው ተክል የተመቸ ነበር። በብሪታንያ የመስታወት ግብር በ1845 ተሽሯል፤ በኪው ታላቁ የዘንባባ የመስታወት ቤት በ1848 ተጠናቋል። ሆኖም እንሰት ከመስታወት ቤት ውጭም ሊኖር መቻሉ ልዩ አደረገው። አትክልተኛው ውርጭ ሲያልፍ መሬት ላይ ይተክለዋል፤ መከር ሲገባ ነቅሎ፣ ቅጠሉን ቆርጦ፣ ውርጭ በማይገባበት ደረቅ ቤት ያሳድረዋል።

ለምን ተቻለ? እዚህ ላይ የንግግሬ ዋና ነጥብ ይመጣል። የለንደን ተመልካች በእንሰት ቅጠል ሥር ቆሞ ወበቃማውን ጫካ ያስብ ይሆናል። እንሰት ግን በአገሩ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ወይና ደጋና ደጋ የሚለማ ተክል ነው። የእንግሊዝን ቀዝቃዛ በጋ የቻለው ደገኛ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በአውሮፓ ግቢ የተተከለው «ሞቃት አገር» በካርታ ላይ የሚገኝ ቦታ ሳይሆን በቅጠል ስፋት የተሠራ ምስል ነበር ማለት እንችላለን።

ምስሉ ሲሠራ የቀረ ነገር አለ። እንሰት አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ በራሱም እንደ ሙዝ ከሥሩ አይፈለፈልም። ስለዚህ አውሮፓዊው አትክልተኛ ሁልጊዜ አዲስ ዘር ይፈልጋል። የሲዳማ፣ የጉራጌ፣ የጌዴኦ፣ የወላይታ፣ የጋሞ ገበሬ ግን አሚቾውን ቆፍሮ፣ የእምብርቱን ቡቃያ አውጥቶ መልሶ ይቀብረዋል፤ ከአንዱ አሚቾ በርካታ ችግኞች ይወጣሉ። ችግኞቹን በየደረጃው እያዛወረ ለዓመታት ያሳድጋል። ሴቶች ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ አብላልተው ቆጮና ቡላ ያወጣሉ። ወደ ኪው የተላከው ዘር ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም ነበር። ዘሩ ተሻገረ፤ ጓሮው ቀረ።

ይህን ስናገር አውሮፓውያንን ለመክሰስ ብቻ እንዳይመስል፣ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። በቤታችን ጓሮ፣ ውኃ ከሚፈስበት ጥግ፣ ሁለት ትልልቅ ተክሎች ነበሩ። ስማቸው ኮባ ነበር። ለበዓል ድፎ ዳቦ ሲደፋ እናቴ ቅጠል ቆርጬ እንዳመጣ ትልከኝ ነበር። ኮባ ለእኛ የዳቦ ልብስ ነው፤ ከዚያ የዘለለ ነገር አናውቅም። ኮባና እንሰት አንድ መሆናቸውን የተረዳሁት ተማሪ ሆኜ ወደ ደቡብ ከወረድሁ በኋላ ነው። ቆጮ ያቀረበችልኝ ባልቴት የኮባውን ነገር ስነግራት፣ «ታዲያ ቅጠሉን ብቻ ወስዳችሁ ሌላውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ብሩስ ግን ከጣና በስተ ደቡብ፣ በሜጫ አካባቢ፣ ሰዎች እንሰትን ለምግብነት ይተክሉ እንደነበር ጽፏል። ከእናቴ ጓሮ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በእኛም መንደር አንድ ዕውቀት ጠብቧል፤ ተክሉ ቆሞ እያለ ጥቅሙ ተረስቷል። ለንደን መልኩን ብቻ ወሰደች፤ እኛ ቅጠሉን ብቻ አስቀረን።

የዕፅዋት ሳይንስ በበኩሉ ስሙን ጠብቆለታል። ቺዝማን በ1947 ተክሉን ከሙዝ ለይቶ ኤንሴቴ የሚለውን የወገን ስም ሲያጸና ብሩስ ትክክል እንደነበር ተረጋገጠ። የዝርያው ስም ግን ቬልቪች በ1859 ከአንጎላ ናሙና ተነሥቶ ያወጣው ቬንትሪኮሱም ሆኖ ቀረ፤ የሳይንሱ ደንብ አንድን ቃል ለወገንም ለዝርያም መደጋገምን ይከለክላልና።

ውድ ተማሪዎች፣ የታሪክ ምንጭ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ብራናና ደብዳቤ እናስባለን። ጓሮም ምንጭ ነው። በየግቢያችን ካሉት ጌጦች ጃካራንዳና ቡጋንቪላ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው፤ እነርሱም በአገራቸው ሌላ ታሪክ አላቸው። ያቺ ባልቴት የጠየቀችኝን ጥያቄ ለእያንዳንዳቸው ብናቀርብ ብዙ ያልተጻፈ ነገር እናገኛለን። እኔም የሜጫው እንሰት መቼና ለምን ከገበታ እንደወረደ ከመካከላችሁ አንዱ እንዲያጠናው በተስፋ እጠብቃለሁ።