ሰንሰለታዊ ስሌት

ሰንሰለታዊ ስሌት በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ዘንድ አንድን ቁጥር መነሻ አድርጎ መደመሩን፣ መቀነሱን፣ ማባዛቱንና ማካፈሉን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር እየሰኩ የማስኬድ ሥርዓት ሲሆን፣ የእያንዳንዱ እርምጃ ውጤት ለተከታዩ እርምጃ መነሻ ሆኖ ይተላለፋል። ለዚህ ዓይነቱ ተያያዥ አጻጻፍ ኤሪክ ኢቫንስና ማርቲን ፋውለር በ2005 እ.ኤ.አ. «ፍሉዌንት ኢንተርፌስ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ሥርዓቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው አንዱ ዮስ ደ ዮንግ የጀመረው ማዝ ጄኤስ የተባለው የጃቫስክሪፕት የሒሳብ ላይብረሪ ነው። በዚህ ላይብረሪ «ቼይን» የተባለው ትእዛዝ 3 ቁጥርን ተቀብሎ በሰንሰለቱ ዕቃ ውስጥ ያኖረዋል፤ ከዚያ 4 ይደመርበታል፣ በ2 ይባዛል፣ በመጨረሻም መፈጸሙን የሚያውጀው «ደን» የተባለው ትእዛዝ 14ን ከዕቃው አውጥቶ ያስረክባል። ያለ ሰንሰለት ቢጻፍ ኖሮ ኋላ የሚሠራው ማባዛት ከፊት ቀድሞ፣ አስቀድሞ የሚሠራው መደመር ግን በቅንፍ ውስጥ ተሰውሮ ይገኝ ነበርና፣ አንባቢው ከውስጥ ወደ ውጭ እየቆፈረ ለማንበብ ይገደዳል፤ የሰንሰለቱ ትልቁ በረከት ከዚህ ድካም ማሳረፉ ነው።

ይሁን እንጂ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። በልማደኛው የሒሳብ አጻጻፍ ማባዛት መደመርን ስለሚቀድም 3 ሲደመር 4 ሲባዛ በ2 የሚሰጠው 11 ነው፤ ሰንሰለቱ ግን የቀዳሚነት ሕግ ሳያውቅ በተጻፈለት ተራ ስለሚሄድ 14 ይላል። የባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንን የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር፣ ትምህርት የቀሰመ ሰው በዚህ አይደናገርም፤ እርሱም የሚያሰላው እንዲሁ በተራ ነውና። የ2016 ዓመተ ምሕረትን አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ቀመር ቁጥር፣ ለማግኘት ከ5500 ዓመተ ፍዳ ይነሣል፤ 2016 ሲደምርበት 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ በ19 ሲገድፈው፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ሲይዝ፣ 11 ይተርፋል፤ 1 ሲቀንስ ወንበር የተባለው ቁጥር 10 ይሆናል፤ በ11 ሲያበዛው 110 ይመጣል፤ ይህንም በ30 ሲገድፈው አበቅቴው 20 ሆኖ ይወጣል። እነዚህ አምስት እርምጃዎች አንድም የተደራረበ ቅንፍ ሳያስፈልጋቸው፣ ተራቸውም ሳይፋለስ፣ እንዳሉ ወደ ማዝ ጄኤስ ሰንሰለት ይገባሉ።

እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ሰንሰለት ይፈጥራል እንጂ የፊተኛውን አይለውጥም፤ ስለዚህ ወንበሩ ከተገኘበት ስፍራ ሌላ ሰንሰለት ቀጥሎ፣ 10ን በ19 አብዝቶ በ30 በመግደፍ መጥቅዕ የተባለውን ሌላውን የቀመር ቁጥር 10 ማግኘት ይቻላል። «ደን» ሳይጠራ የቀረ እንደሆነ ግን በእጅ የሚገኘው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩን የያዘው ዕቃ ነው።