ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

«ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለውን ተረት ከመካከላችን ያልሰማ አይገኝም። ተረቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ስንት ዘመን ሙሉ ቤታችንን ለሁለት ከፍሎት ኖሯል። ይህ አከፋፈል ከተፈጥሮ የመጣ ነውን፣ ወይስ ከልማድ? መልሱን ከታሪካችን እንፈልግ።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ልማዱ የታወቀ ነው። ማረድ የወንድ፣ መፍጨት፣ ማቡካትና መጋገር የሴት ነው። በበዓል ዋዜማ ባሏ ከቤት የሌለ ሴት ዶሮዋን ታቅፋ ከደጃፍ በመቆም የሚያርድላት መንገደኛ ትጠብቃለች፤ አራጁ ሕፃን ቢሆንም ወንድ ነውና ይበቃል። ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ ከተሠራ በኋላ ፈረሰኛው ለአባወራው ይቀመጣል፤ ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ ያቁላላችው ሴት ግን የምትቀምሰው ሌላው ሁሉ ከበላ በኋላ ነው። ወንድ ልጅ ወደ ጓዳ ብቅ ቢል ሴታ ሴት ተብሎ ይሰደባል።

ይሁን እንጂ ሴት በማይገባባቸው የጣና ደሴት ገዳማት የሚፈጩትም፣ የሚጋግሩትም መነኮሳት ናቸው። ከምግብ ሁሉ የከበረው የቁርባን ኅብስትም በቤተ ልሔም የሚጋገረው በወንድ አገልጋዮች እጅ ነው። እንግዲህ መጋገር ለወንድ ውርደት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ክብር ባልተመረጠም ነበር።

ሴትም ከማጀት ውጭ ሥራ የላትም እንዳይባል፣ የ1888 ዓ.ም. ታሪክ ምስክር ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ዓድዋ በዘመቱ ጊዜ፣ ከሠራዊቱ ጋር ስንቅ ተሸክመው፣ በየሰፈሩ ፈጭተውና ጋግረው ጦሩን የመገቡት ሴቶች ነበሩ። እቴጌ ጣይቱም በ1880 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ምርቃት ታላቁን ግብር ያሰናዱ እመቤት ሲሆኑ፣ በመቀሌ የጠላት ምሽግ ከውኃው እንዲቆረጥ መክረዋል፤ የራሳቸውንም ጦር አሰልፈዋል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። የቻይናው ፈላስፋ ሜንሲየስ ጨዋ ሰው ከማድቤት ይራቅ ያለው የሚታረደውን እንስሳ ጩኸት ሰምቶ ሥጋውን መብላት ስለሚከብደው ነበር። በጃፓን ግን ቃሉ ወንድ ወደ ማድቤት አይግባ ወደሚል ደንብ ተለወጠ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 መታተም በጀመረው «ኩኪንግ ፓፓ» በተባለው የሥዕል ታሪክ፣ ባለ ታሪኩ የቢሮ ሠራተኛ ራሱ ያበሰለውን ምሳ ሚስቴ ሠራችልኝ እያለ ከባልደረቦቹ ይደብቅ ነበር። ይህን ስናነብ የምንስቀው በማን ላይ ነው?

እኔ በተማሪነቴ ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ መጥቼ በኪራይ ቤት ስኖር፣ እንጀራ እንድትጋግርልኝ ታናሽ እኅቴ ተላከች። ዱቄቱ በጆንያ፣ ምጣዱ በጉልቻ ላይ ነበር፤ እጄም ጤነኛ ነበር። እኔ 12ኛ ክፍልን ስፈጽም እርሷ 6ኛውን አልጨረሰችም። የበላሁት እንጀራ የእርሷ ትምህርት እንደ ነበረ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ ባልና ሚስት አብረው ከቢሮ ወጥተው አብረው ቤት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጋዜጣ ሲገልጥ ሌላዋ እሳት ታነዳለች። ችሎቱን ሴቶች ዳኛ ሆነው ገብተውበታል፤ ማጀቱ ግን እስከ አሁን ወንዱን ይጠብቃል። ልጆቻችን የሚማሩት ከተረቱ ሳይሆን ማታ ከሚያዩት ነውና፣ ዛሬ ማታ ምን እንደምናሳያቸው እናስብበት።