የእንባው ፏፏቴ
በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተጨፈጨፉትን ያስባል። «የባኽቺሳራይ ፏፏቴ» የተሰኘው የሩሲያ ባሌት ግን የሚተርከው ሐዘኑን ያመጣው ገዥ ራሱ ስላሠራው መታሰቢያ ነው።

የታሪኩ መነሻ ቅድመ አያቱ ጋኒባል የሐበሻ ተወላጅ ነበር የሚባልለት ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1824 ያሳተመው ግጥም ነው። የክራይሚያው ካን ጊሬይ እጮኛዋን ገድሎ የፖላንዷን ልዕልት ማርያን ይማርካል። ዛሬማ በቅናት ማርያን በጩቤ ትገድላለች፤ እርሷም በካኑ ትእዛዝ ትገደላለች።

ቦሪስ አሳፊየቭ ሙዚቃውን ሲደርስ የፑሽኪንን ዘመን ድምፅ ለማሰማት የጉሪልዮቭን ዘፈን በመግቢያውና በመዝጊያው አዋለ። ባሌቱ በ1934 በሌኒንግራድ ሲታይ ማርያን ሆና የተጫወተችው ጋሊና ኡላኖቫ ነበረች። ዘፈኑ በሁለቱም ጫፍ ካኑን ከፏፏቴው ዘንድ ያገኘዋል፤ ማልቀሱን ያሰማል እንጂ መካሱን አያሰማም።