ግስና አገባብ በራያ ቆቦ

በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ የሚያዋስኑት የቆቦ ሜዳ፣ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር በመሆኑ፣ የጎረቤትን ቋንቋ ማወቅ በዚያ ለሚኖር ሰው ከጥንት ጀምሮ የኑሮ ግዴታ ነበር። ጨው ጭኖ ከበረሃ የወጣው ግመለኛና ማሽላውን በቁና የሚሰፍረው ገበሬ አንዱ የሌላውን ቃል የተማሩት ቃሉ በሚያገለግልበት ስፍራ ነው። ዛሬ ግን በዚያው ሜዳ ያደገ ብላቴና እንግሊዝኛን ስንት ዓመት ተምሮ አንዲቱን ተራ ቃል በየአገባቧ ማዋል ሲያቅተው እናያለን፤ የዚህም ምክንያት የልጁ ስንፍና ሳይሆን አባቶቹ ቋንቋ ይማሩበት የነበረው ሥርዐት ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት አለመሻገሩ መሆኑን ታሪኩን የመረመረ ሁሉ ያስተውለዋል።

ያ ሥርዐት ምን እንደነበረ ለማወቅ ወደ ቅኔ ቤት መውጣት ያስፈልጋል። በቅኔው ዓለም ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራው ዋድላ ከራያ ቆላ እጅግ ሩቅ አልነበረችምና፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ደጋው የወጣ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ሲቀመጥ በመጀመሪያ የሚቀበለው የግዕዝ ግስ ነው። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ የተባሉትን ስምንቱን አርእስት ከያዘ በኋላ የቀረውን ግስ ሁሉ በየወገኑ እያሰለፈ ከነፍቺው በቃሉ ያጠናል። ነገር ግን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ የተከፈለውን አገባብ፣ ማለት ቃል ከቃል የሚጋባበትን ሕግ፣ ካልጨመረበት ሊቃውንቱ ገና እንዳልተማረ ይቆጥሩታል። ነሥአ የሚለውን ግስ ብንመለከት፣ ፍቺው ወሰደ፣ አነሣ፣ ያዘ፣ ተቀበለ ነው፤ ነሥአ ብእሲተ ሲል ሚስት ማግባትን፣ ነሥአ ቍርባነ ሲል ሥጋ ወደሙን መቀበልን፣ ነሥአ ሥጋ ሲል ደግሞ ታላቁን ምሥጢረ ሥጋዌ ይናገራል። ተማሪው ከነዚህ አንዱን መርጦ እውነተኛው ፍቺ ይህ ነው ብሎ አይሟገትም፤ ባለቤቱንና ተሳቢውን አይቶ ይፈታል። ማወቁም የሚታወቀው በማግስቱ ጉባኤ ቃና የተባለውን አጭር ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ነው፤ ቃሉ ያለ ስፍራው ገብቶ እንደ ሆነ መምህሩ በጉባኤው ፊት ያቀኑለታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የፈጁበትና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ታላቅ መጽሐፍም ሰዋስውን፣ ግስንና መዝገበ ቃላትን በአንድ ጥራዝ ማሰሩ ከዚሁ ትምህርት የመጣ ነው።

የእስላሙም ደረሳ ቢሆን በየጁ በዳና፣ በሌላውም የወሎ መስጊድ፣ ዐረብኛውን ነሕው ከተባለው አገባብና ሶርፍ ከተባለው የግስ እርባታ ጋር እያዛመደ በአማርኛ ሲፈታ የሄደበት ጎዳና ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ግን ወደዚህ አገር የቀረበው በጦር ሠራዊት አፍ ነው። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የጄኔራል ናፒዬር ሠራዊት ከራያ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያልፍ፣ ለዚያው ዘመቻ በአስተርጓሚነት ከመጡት አንዱ ሚሲዮናዊው ዮሐን ክራፕፍ ነበር፤ እርሱም ታምሞ ከመንገድ ተመለሰ። የክራፕፍ ባልደረባ የነበረው ካርል ኢዘንበርግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት በሎንዶን አሳትሞ ነበር። ይህ መጽሐፍ የተሰናዳው ግን ባዕዱ አማርኛ እንዲማርበት ነበረና ለአገሬው ተማሪ ብዙም አልጠቀመው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ ቀድሞ ፈረንሳይኛ ይዞት የነበረውን ስፍራ ወርሶ የከፍተኛው ትምህርት መሣሪያ ሆነ፤ ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንደኛ ደረጃው በአማርኛ እንዲሰጥ ቢወሰንም ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ተማሪው የተቀበለው ግሱን ብቻ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይጽፋል፤ ተማሪው ገልብጦ ያጠናል፤ ቴክ ማለት ወሰደ ነው ይባላል። ልጁም ከዚያ በኋላ ፈተና መፈተን፣ መድኃኒት መዋጥ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ወንበር ስቦ መቀመጥ ሁሉ በእንግሊዝኛ በዚችው በቴክ እንደሚነገሩ ሲሰማ፣ ቋንቋው የተዘበራረቀ መስሎ ይታየዋል። በዚያ ክፍል ነሥአን የፈታ መምህር ቢገኝ ኖሮ ምሥጢሩ በአንዲት ሰዓት በተገለጠ ነበር እላለሁ።

ቅኔ ቤት ያልገባ ልጅ እንኳ ምሳሌውን ከአባቱ እርሻ ያገኘው ነበር። በክረምት ከላስታ ተራሮች በሆርማትና በጎሊና ወንዝ የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ የቆቦ ገበሬ በድንጋይ፣ በአሸዋና በቅርንጫፍ ገድቦ ወደ ማሽላው ሲመልሰው ጎርፉን ጠለፈ ይባላል። በዚያው ቃል እናቱ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ በዚያው ቃል ጎረምሳ ተጋጣሚውን በእግሩ ጠልፎ ይጥላል፤ በዚያው ቃል፣ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ የሰው ልጅ ትጠለፋለች። ጎርፉንና ጥልፉን ያደባለቀ የቆቦ ሕፃን ተሰምቶ አይታወቅም። ይህን በአፉ የያዘ ልጅ ቴክ ሊያስቸግረው የሚገባ ቃል አልነበረም።

ወደ መዝገበ ቃላቱ ስንመለስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው በጀርመን አገር ያሳተሙት ሲሆን፣ እያንዳንዱን እንግሊዝኛ ቃል በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የዐረፍተ ነገሩን አማርኛ ያሳያል። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው፣ በፈረንጅ እጅ ይጻፍ እንጂ፣ ወደ ሊቃውንቱ አገባብ የቀረበ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ እጅግ ወፍራምና ውድ ስለ ነበረ ለአውራጃ ተማሪ እጅ የሚደርስ አልነበረም።

የቆቦ ሰው በእርግጥ አጥርቶ ያወቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት በመከራ ዘመን የመጡት ናቸው። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከየገጠሩ የፈለሰው ሕዝብ በቆቦ፣ በአላማጣና በቆረም መጠለያ ሲሰበሰብ ሬሽን የሚለውን ቃል ያለ ሰሌዳና ያለ ደብተር ተማረው፤ ሬሽን ወጣ፣ ሬሽን ተቀበልኩ፣ ሬሽኔ ተቆረጠ እያለ በየአገባቡ አሳመረው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የእርዳታ መርሐ ግብር ስምም እንዲሁ ሆነ። ፊደል ያልቆጠሩት እናት ሴፍቲኔት ገባሁ ሲሉ በመዝገብ መታቀፋቸውን፣ ሴፍቲኔት ልሠራ ነው ሲሉ ለእርዳታው የሚሠሩትን የእርከንና የመንገድ ሥራ፣ ሴፍቲኔት መጣ ሲሉ እህሉን ወይም ገንዘቡን ይናገራሉ፤ ራሱን ችሎ ከእርዳታው የወጣውንም ቤተ ሰብ ከሴፍቲኔት ተመረቀ ይሉታል።