ፓስፖርቴ ላይ ያለው ስምና ዕድሜ የእኔ አይደለም፤ ምን ላድርግ?

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። በ18 ዓመቴ ስወጣ ደላላው የአያቴን ስም ቀይሮ፣ ዕድሜዬን 24 አድርጎ ፓስፖርት አወጣልኝ። «ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ ሠርተሽ ትመለሻለሽ» አለኝ፤ ፈረምኩ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ችግሩ የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት ነው። በስሜ ላለችኝ ትንሽ ቦታ ለአባቴ ውክልና ላክሁለት። ሀገር ቤት ያለው መሥሪያ ቤት «የቦታው ባለቤትና ውክልና የሰጠችው ሴት አንድ አይደሉም፣ አያታቸው ይለያያል» ብሎ መለሰው። ላቤን ያፈሰስኩበት ቦታ የሌላ ሰው መሰለ። ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ፣ ስመላለስ ያወቅሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛው ደላላ ነው። አንዳንድ አገር የቤት ሠራተኛ የምትገባበትን ዕድሜ ይወስናል። ለምሳሌ ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ከ21 ዓመት በታች የሆነች ሠራተኛ እንዳትመጣ ይከለክላል። ስለዚህ ልጅቷ 18 ከሆነች ወረቀቷን ያስረጇታል። ስሟንም «ለአረብ እንዲመች» ብለው የሚቀይሩ አሉ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ያንሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ የተወለደች 7 ትደምራለች፣ ከዚያ በኋላ የተወለደች 8። መስከረም 12 ቀን 1990 የተወለደች ሴት በፈረንጁ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1997 ነው የተወለደችው። ጸሐፊው ሳይቀይር 1990 ብሎ ከጻፈው ሰባት ዓመት አሮጌ ሆነች ማለት ነው። ቀንና ወር የሚገለባበጥበትም ብዙ ነው፤ 05/12 እና 12/05 አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ፊደል ነው። እንደ ጸ፣ ጰ፣ ጨ ያሉ ድምፆች በአረብኛ የሉም። ጸሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ በኢቃማው ላይ በአረብኛ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ራስ፣ አባት፣ አያት ነው። እዚህ የአያታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘሉታል።

«ሠርቼ ልመለስ ነው፣ ምን ቸገረኝ» አትበይ

እኔም እንዲህ እል ነበር። ግን አስቢው፦ ባንክ ያለው ደብተርሽ በትክክለኛ ስምሽ ከሆነ በፓስፖርትሽ ገንዘብ ማውጣት ትቸገሪያለሽ። ልጅ ብትወልጂ የልደት ወረቀቷ ላይ የእናት ስም የሚገባው ከፓስፖርትሽ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። እግዜር አያድርገውና አንዲት እህት ብትሞት ወይም ሆስፒታል ራሷን ስታ ብትገባ፣ በሌላ ስም ቤተሰቧን ማግኘት ከባድ ነው። ቤተሰቧም ደሞዟንና ካሳዋን ሲጠይቅ «የእናንተ ልጅ መሆኗን አምጡ» ይባላል።

አባቴ ወታደር ነበር። ጦሩ በ1983 ሲበተን ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም ተሳስቶ ነበርና «ቆይቶ ይስተካከላል» ብሎ ተወው። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሊያስተካክል ሲነሳ የሚያውቁት ጓደኞቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። ምስክር ፍለጋ ስንት አገር ዞረ። ወረቀት ሳይረሳ ነው የሚታረመው።

ስህተትሽ የትኛው ነው?

1. ፓስፖርቱ ትክክል፣ ኢቃማው ስህተት ከሆነ፦ ቀላሉ ይሄ ነው። ኢቃማውን የሰጠው የዚህ አገር መሥሪያ ቤት ነው፣ ስለዚህ ኤምባሲ አያርመውም። ካፊልሽ ወይም መክተቡ ፓስፖርትሽን ይዞ እንዲያሳርም ጠይቂ። ኢቃማ ሲታደስ ብትጠይቂ ይቀላል።

2. ፓስፖርቱ ላይ ፊደል ወይም ቀን ብቻ ከተሳሳተ፦ ትክክለኛውን የሚያሳይ የሀገር ቤት ማስረጃ ይዘሽ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ታመለክቺያለሽ። ፓስፖርት ሊያልቅ ሲል፣ ከማሳደሱ ጋር አብሮ መጠየቅ ድካም ይቀንሳል።

3. ሙሉ ስሙ ወይም ዕድሜው በደላላ የተቀየረ ከሆነ፦ ይሄ የእኔ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ይወስዳል። ሀገር ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ቤተሰብሽ በውክልና ሊከታተልልሽ ይችላል። ውክልናውን ግን አሁን ባለው የፓስፖርት ስም ስትሰጪ፣ ትክክለኛ ስምሽም አብሮ እንዲጻፍ ጠይቂ። እኔ ያንን ባለማወቄ ነው የተመለሰብኝ።

ምን ምን ይሰብሰብ?

ሀገር ቤት ላለ ሰው ደውለሽ እነዚህን አስፈልጊ፦ የልደት ምስክር ወረቀት (የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙዎቻችን የለንም፤ ዘግይቶ መመዝገብ ግን ይቻላል)፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የስምንተኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ውጤት፣ የክርስትና ወረቀት ካለ። የቆየ ወረቀት ክብደት አለው፤ ከመውጣትሽ በፊት የተጻፈ ስለሆነ።

ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ለምታምኚው ሰውም ላኪ። ስልክ ይጠፋል፣ ማዳም ትቀማለች።

ማመልከቻው እንዲህ ይጻፋል

አጭር ይሁን፤ ልቅሶ አያስፈልገውም።

«ለ…… ኤምባሲ፣ የቆንስላ ክፍል። ጉዳዩ፦ የአያት ስምና የልደት ቀን እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች …… የፓስፖርት ቁጥሬ …… ነው። በፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም …… ተብሎ ተጽፏል፤ ትክክለኛው …… ነው። የልደት ቀኔ …… ተብሏል፤ ትክክለኛው …… ነው። ማስረጃዬን …… ገጽ አያይዣለሁ። እንዲታረምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ ቀን።

ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን ስጪ፣ በአንዱ ላይ የተቀበለሽ ሰው ቀን ጽፎ እንዲፈርም ወይም ማኅተም እንዲያደርግ ጠይቂ። ያ ወረቀት ከሌለሽ ነገ «አላመለከትሽም» ትባያለሽ።

እነዚህን ተጠንቀቂ

አዲሱ ፓስፖርት በአዲስ ስም ሲወጣ አሮጌውን አትጣዪው። ኢቃማሽና ቪዛሽ በድሮው ስም ነው ያሉት። አሻራሽም በድሮው ስም ተመዝግቧል፤ ሁለት ስም በአንድ አሻራ ሲመጣ ኤርፖርት ላይ ችግር ነው። ስለዚህ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ ከኤምባሲ ጠይቂ፣ ኢቃማሽም በአዲሱ ፓስፖርት እንዲስተካከል አድርጊ። ወደ ሀገር ቤት ልትመለሺ ጥቂት ወር ከቀረሽ ደግሞ በያዝሽው ፓስፖርት ተመልሰሽ እዚያው ማሳረሙ ሊሻልሽ ይችላል።

«በሁለት ቀን አወጣልሻለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጪ። የሐሰት የልደት ወረቀት ብታስገቢ ተበዳይ የነበርሽው ሴት ወንጀለኛ ትሆኛለሽ።

ፓስፖርቱ ማዳም ጋ ከሆነ «ላሳድሰው ነው» ብለሽ በሰላም ጠይቂ። በኩዌት ከላይ ያልኩት ሕግ አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። ካፊሏን ጥላ የወጣች እህት ግን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻዋን ከመሄዷ በፊት ኤምባሲ ትደውል፤ ልትያዝ ትችላለች።

የእኔ ጉዳይ ገና አላለቀም። የልደት ወረቀቴ ወጥቷል፣ ማመልከቻዬ ገብቷል፣ የተፈረመበት ኮፒ እጄ ላይ ነው። ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርሺ ፓስፖርትሽን ወይም ፎቶውን አውጥተሽ ፊደል በፊደል አንብቢው። ስህተት ካለበት ነገ ሀገር ቤት ደውዪ።