ጅሊብ፦ መኪናና ቆሻሻ የሚጋፉበት ሰፈር

ኩዌት ማዘጋጃ ቤት ያቋቋመችው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ነዳጅ በመርከብ ወደ ውጭ ከመላኩ 16 ዓመት ቀደም ብሎ። እዚያ የኖርነው ባለዲያ የምንለው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ያኔ ከተማዋ በ1920 በተሠራው ግንብ ውስጥ ነበረች። ግንቡ በ1957 ሲፈርስ ኑሮ ወደ በረሃው ተዘረጋ።

ከግንቡ ውጭ ከተዘረጉት ሰፈሮች አንዱ ጅሊብ አል ሹዩኽ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይገኛል። ሕንዱ፣ ባንግላዴሹ፣ ግብፁ፣ የእኛም ሰው በአንድ ክፍል ተደራርቦ የሚኖርበት የኪራይ ሰፈር ነው። እኔ የኖርኩት ሐሳዊ በሚባለው በኩል ነበር። ፎቆቹ ተጠጋግተዋል፤ መኪና ማቆሚያ ግን የላቸውም። ሚኒባሱና ታክሲው ማታ በሁለት ረድፍ ይቆማል፣ የተረፈውም አሸዋ ሜዳው ላይ ይወጣል። የቆሻሻ መኪናው መታጠፊያ ሲያጣ ጽዳት ሠራተኞቹ ወርደው ባለጎማውን የብረት ገንዳ በመኪኖቹ መሃል እየገፉ ያወጡታል። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ባለፈበት ሐምሌ ይህን ሲሠሩ ማየት ያንገበግበኝ ነበር። ጥፋቱ ሁሌ በተከራዩ ይሳበባል፤ ለእኔ ግን ጥፋተኛው ያለ ማቆሚያ ፎቅ እንዲሠራ የፈቀደው ባለዲያ ነው።

በኮሮና ጊዜ፣ ሚያዝያ መባቻ 2020፣ መንግሥት ጅሊብንና ማህቡላ የሚባለውን ሌላ ሰፈር ሙሉ በሙሉ ዘጋ። መግቢያ መውጫው በፖሊስ ተያዘ፤ እስከ ሐምሌም አልተከፈተም። የቀን ሠራተኛው ደመወዙ ተቋርጦ ቤቱ ተቀመጠ። ሰፈሩ ሲከፈት ሚኒባሶቹ ተመልሰው በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ ሌላ የሚቆሙበት ቦታ አልተሠራላቸውም ነበርና።